ሦስት ስቶፕ፦ ባለሙያ ሚረርለስና የኪስ ካሜራ እንዴት ይወዳደራሉ?

ሁለት ካሜራ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። አንደኛው ሶኒ አልፋ 7 ማርክ 4 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ባለ 33 ሜጋፒክስል ሚረርለስ (በውስጡ መስታወት የሌለው፣ ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ)፣ ከ24 እስከ 70 ሚ.ሜ የሚሄደው የኤፍ 2.8 ጂ ማስተር 2 ሌንስ የተገጠመለት (የኤፍ ቁጥር ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)። ሁለተኛው ሶኒ አር ኤክስ 100 ማርክ 7 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ፣ ባለ 20 ሜጋፒክስል፣ ከ24 እስከ 200 ሚ.ሜ ዙም የሚያደርግ፣ ሌንሱ ከአካሉ የማይነጠል የኪስ ካሜራ። ሚዛን ላይ ሲወጡ የመጀመሪያው ከነሌንሱ 1,353 ግራም፣ ሁለተኛው 302 ግራም ይመዝናል። ታዲያ ትከሻችን ላይ የምንጨምረው አንድ ኪሎ ምን ያስገኝልናል?

በፎቶው ላይ በዋናነት የሚያስገኘው ሦስት ስቶፕ ብርሃን ነው። አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃኑ መጠን እጥፍ ሲሆን ማለት ነው፤ ሦስት ስቶፕ ሁለት በሁለት በሁለት፣ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ምቹው እጀታ፣ ሁለቱ የሜሞሪ ካርድ ማስገቢያዎች፣ ረጅም ዕድሜ ያለው ባትሪ ሥራ ያቀላሉ፤ የተነሳው ፎቶ ላይ ግን ማንም አያያቸውም። ሦስቱ ስቶፕ ይታያሉ። መቼ እንደሚታዩና መቼ እንደማይታዩ ሳያውቁ ካሜራ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ ስለዚህ በገዛ ዓይናችሁ የምታረጋግጡበትን ፈተና ከዚህ በታች በዝርዝር እናሳያለን።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል

የሚረርለሱ ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃኑን የሚቀበለው ገጽ፣ 36 በ24 ሚ.ሜ ገደማ ነው፤ ስፋቱ 864 ካሬ ሚ.ሜ። የኪስ ካሜራው 13.2 በ8.8 ሚ.ሜ ነው፤ ስፋቱ 116 ካሬ ሚ.ሜ። ሲካፈል 7.4 እጥፍ፣ ማለትም ሦስት ስቶፕ ሊሞላ ትንሽ የቀረው።

የሌንሱ ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። የኪስ ካሜራው ካርቶን ላይ «24-200» ተብሎ የተጻፈው የእይታው ስፋት ከትልቅ ሴንሰር ጋር ሲመዛዘን ነው። ትክክለኛው ሌንስ ከ9 እስከ 72 ሚ.ሜ ብቻ ነው። 9ን ለ2.8 ስታካፍሉት ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ 3.2 ሚ.ሜ ይሆናል፤ የምስር ፍሬ ያህል። የሚረርለሱ 24 ሚ.ሜ በ2.8 ሲካፈል 8.6 ሚ.ሜ ይወጣዋል፤ የሽምብራ ፍሬ ያህል። ሁለቱም ላይ «ኤፍ 2.8» ተብሎ ቢጻፍም በምስርና በሽምብራ መጠን ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን እኩል አይደለም።

ለማወዳደር የምትፈልጉት ስሌት ይህ ብቻ ነው፦ የኪስ ካሜራውን የኤፍ ቁጥር በ2.7 አባዙ፣ አይ ኤስ ኦውን (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበትን መጠን) ደግሞ ሦስት ጊዜ እጥፍ አድርጉ። የኪስ ካሜራው ኤፍ 4 እና አይ ኤስ ኦ 800 ከሚረርለሱ ኤፍ 11 እና አይ ኤስ ኦ 6400 ጋር ይመጣጠናል። ከፊትና ከኋላ ጥርት ብሎ የሚታየው ርቀትም ሆነ የኖይዙ (ፎቶውን የሚያበላሸው ደቃቅ ነጠብጣብ) መጠን ተቀራራቢ ይሆናል።

ፈተናው

ጠዋት፣ ፀሐይ በቀጥታ በማትገባበት መስኮት አጠገብ ሥሩ። የክፍሉን አምፖል አጥፉ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ የፍሎረሰንትና የኤል ኢ ዲ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይንቀጠቀጣሉ፤ ዓይን ባያየውም ካሜራው ያየዋል፣ አንዱ ፎቶ ደማቅ ሌላው ጠቆር ያለ ይወጣል። መብራት ግድ ከሆነ ሻተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ አቁሙ። አሜሪካ ያላችሁ፣ እዚያ 60 ኸርዝ ነውና፣ 1/60 ወይም 1/125 ተጠቀሙ።

የምታነሱት ነገር ካሜራን የሚፈትን ይሁን። ደቃቅ ፊደል ያለው መጽሐፍ፣ ጥበብ ያለው ነጠላ፣ ጥቁር ጀበና እና የተሰፋ ሰፌድ ይበቃሉ። ነጠላው የነጭ ክርን ዝርዝር፣ ጀበናው የጨለማ ክፍልን፣ ሰፌዱ ደግሞ ኖይዝ ማጥፊያ የሚበላውን ደቃቅ ሸካራነት ያሳያል። መጽሐፉን ከካሜራው 1.5 ሜትር ላይ፣ ሰፌዱን ከመጽሐፉ 50 ሴ.ሜ ወደ ኋላ አድርጉ፤ ያኔ ጥርት ብሎ የሚታየው ርቀት ልዩነትም ይታያችኋል።

ሁለቱንም ካሜራ በየተራ አንድ ትራይፖድ ላይ፣ አንድ ከፍታና አንድ ቦታ ላይ አስሩ። ትራይፖድ ላይ የመንቀጥቀጥ መከላከያውን አጥፉት፤ በራ ብሎ ከቀረ አልፎ አልፎ ራሱ ምስሉን ያንቀሳቅሰዋል። ሰዓት ቆጣሪውን 2 ሰከንድ አድርጉ፣ አለበለዚያ የጣታችሁ ግፊት ካሜራውን ያነቃንቀዋል። በሮው (ካሜራው ሳያቀናብር በሚያስቀምጠው ጥሬ) ፋይል አንሱ። ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) ወደ ፀሐይ ብርሃን ቆልፉት፤ አውቶማቲክ ከተተወ ሁለቱ ካሜራዎች ቀለሙን የተለያየ አድርገው ይወስኑና ንጽጽሩን ያበላሹታል።

ሁለቱንም 35 ሚ.ሜ ላይ አድርጉ። በሚረርለሱ ሌንስ ላይ ቁጥሩ ተጽፏል። በኪስ ካሜራው ግን የሌንሱን ቀለበት በደረጃ ዙም ወደሚያደርግበት ምርጫ ቀይሩት፤ ያኔ 24፣ 28፣ 35፣ 50 እያለ ይቆማል። በተለመደው ዙም ከሄዳችሁ 35 ነው ብላችሁ 33 ላይ ልትቆሙ ትችላላችሁ፣ ምስሉም አይገጥምም።

የመጀመሪያው ዙር፦ ሁለቱንም ማንዋል ላይ አድርጋችሁ ኤፍ 4፣ አይ ኤስ ኦ 800፣ ሻተሩንም አንድ ዓይነት። ሁለተኛው ዙር፦ የኪስ ካሜራው እንዳለ ይቆይ፣ ሚረርለሱን ኤፍ 11 እና አይ ኤስ ኦ 6400 አድርጉት፤ ሻተሩ አይነካ። ሦስተኛው ዙር፦ ሁለቱንም ኤፍ 4 ላይ ትታችሁ በአይ ኤስ ኦ 100፣ 400፣ 1600፣ 3200፣ 6400 እና 12,800 አንሱ፤ አይ ኤስ ኦው በጨመረ መጠን ሻተሩን አፍጥኑት።

ፋይሎቹን ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ይመጣል። 33 ሜጋፒክስሉንና 20 ሜጋፒክስሉን ሁለቱንም መቶ ፐርሰንት አጉልቶ ጎን ለጎን ማየት ፍትሐዊ አይደለም፤ ትልቁ ፋይል በበለጠ ስለሚጎላ ኖይዙም አብሮ ይጎላል። የሚረርለሱን ፎቶ ከ7008 በ4672 ወደ 5472 በ3648 አሳንሱት፣ ከዚያ አወዳድሩ። በሶፍትዌሩም የኖይዝ ማጥፊያውንና ምስሉን የሚያሾለውን (ሻርፕኒንግ) ለሁለቱም ዜሮ አድርጉ። በጄፔግ የምታወዳድሩ ከሆነ ካሜራዎቹን ሳይሆን በውስጣቸው ያለውን ፎቶ አቀናባሪ ነው የምታወዳድሩት።

በመጀመሪያው ዙር ሚረርለሱ በግልጽ ይበልጣል፣ ሰፌዱም ከኋላው ደብዘዝ ይላል። በሁለተኛው ዙር ግን ሁለቱ ፎቶዎች መንታ ሊመስሉ ይቃረባሉ፤ አንድ ኪሎ የጨመረው ካሜራ ብልጫው እዚያ ላይ ይጠፋል። ይህን ዙር ማንም ሳይዘለው እንዲሠራ አጥብቀን እንመክራለን፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ውድ ካሜራ ገዝቶ ዓመቱን ሙሉ በኤፍ 11 ያነሳበታል። በሦስተኛው ዙር የኪስ ካሜራው 1600 ከሚረርለሱ 12,800 ጋር እንደሚቀራረብ ታያላችሁ። ከዚህ በጣም የራቀ ውጤት ካገኛችሁ መጀመሪያ ፎከሱን፣ ቀጥሎ የሌንሱን ንጽህና፣ ከዚያ ብርሃኑ በመካከል ተለዋውጦ እንደሆነ ፈትሹ፤ ደመና መስኮቱን ሲያልፍ አንድ ሙሉ ስቶፕ ሊወስድ ይችላል።

አንድ በዓል፣ ሁሉም ዓይነት ብርሃን

ሦስቱ ስቶፕ መቼ እንደሚያስፈልጉ ለማየት ጥምቀትን የሚያህል ፈተና የለም፤ በሁለት ቀን ውስጥ ካሜራ ሊያጋጥመው የሚችለው ብርሃን ሁሉ ይመጣል።

ጥር 10፣ በከተራ፣ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ ፀሐይ ገና አለች። በጠራ ሰማይ አይ ኤስ ኦ 100፣ ኤፍ 5.6፣ ሻተር 1/800 ይበቃል። በዚህ ብርሃን ሁለቱ ካሜራዎች ያነሱትን ኤ3 ወረቀት ላይ ብታሳትሙ የቱ የየትኛው እንደሆነ መለየት ይከብዳል፤ ኤ3 በ300 ዲ ፒ አይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) የሚፈልገው 17 ሜጋፒክስል ተኩል ገደማ ብቻ ነው። የኪስ ካሜራውን ግን ከኤፍ 5.6 በላይ አታጥብቡት። የፒክስሎቹ ወርድ 2.4 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ ኤፍ 8 እና ኤፍ 11 ላይ ብርሃኑ በጠባቡ ቀዳዳ ጠርዝ እየተበተነ ፎቶውን ያደበዝዘዋል። ፀሐዩ ቢበዛ ሻተሩን አፍጥኑ።

በዚያው ፀሐይ ላይ ግን አንድ ልዩነት አለ። ነጭ ነጠላና ጠይም ፊት አንድ ፍሬም ውስጥ ሲገቡ ካሜራው በነጩ ተታሎ ሁሉንም ያጠቁራል። ሁለቱም ካሜራ ላይ ዜብራውን (ከልክ በላይ የበራውን ክፍል በመስመር የሚያሳየውን ምልክት) ከ100 በላይ በሚለው አብሩት፤ የነጠላው ክር ላይ መስመር ማሳየት ሲጀምር በአንድ ሦስተኛ ስቶፕ ዝቅ አድርጋችሁ አንሱ። ፊቱን በኋላ በሮው ፋይሉ ላይ ታበሩታላችሁ። ሚረርለሱ በአይ ኤስ ኦ 100 ያነሳው ሁለት ስቶፕ ሲበራ ፊቱ ንጹህ ሆኖ ይወጣል፤ የኪስ ካሜራው ጥላው ውስጥ ኖይዝ ማሳየት ይጀምራል። ከነጠላው ላይ የጠፋ ክር ግን በየትኛውም ካሜራ አይመለስም።

ማታ በድንኳኑ አካባቢ፣ በአምፖልና በጧፍ ብርሃን፣ ሁኔታው ሌላ ነው። የሚያሸበሽቡ ካህናትን ሳይደበዝዙ ለማቆም ቢያንስ 1/160 ያስፈልጋል። ሚረርለሱ ላይ 280 ግራም ብቻ የሚመዝነውን 35 ሚ.ሜ ኤፍ 1.8 ሌንስ ብትገጥሙ አይ ኤስ ኦ 3200 ይበቃችኋል። የኪስ ካሜራው በሰፊው ጫፍ፣ በኤፍ 2.8፣ ለዚሁ ብርሃን 8000 ይጠይቃል፤ ያም በሚረርለሱ ሚዛን 64,000 ማለት ነው። ዙሙን ጎትታችሁ ኤፍ 4.5 ላይ ከደረሳችሁ 20,000 ያስፈልጋል፣ የካሜራው ጣሪያ ደግሞ በአንድ ፎቶ 12,800 ነው። የመንቀጥቀጥ መከላከያ እዚህ አይረዳም፤ የእጃችሁን መንቀጥቀጥ እንጂ የካህኑን እርምጃ አያቆምም። የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ለሚያነሱም፣ የሠርግ እራት ለሚሠሩም ስሌቱ ይኸው ነው። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ሚረርለስ ያስፈልገዋል፤ ይህ የምርጫ ጉዳይ አይደለም።

ጥር 11 ጠዋት ጸበሉ ሲረጭ ካሜራችሁን ጠብቁ። አር ኤክስ 100 ለውሃና ለአቧራ የታሸገ አይደለም፤ ሌንሱ ሲወጣና ሲገባ አየር ይስባል፣ ጠብታውንም ይዞ ሊገባ ይችላል። አልፋ 7 መጠነኛ መከላከያ አለው፣ ግን እሱም ቢሆን ውሃ አይችልም። ለሁለቱም ለሌንሱ ቀዳዳ የተበሳ ፌስታልና አንድ ላስቲክ መያዝ ይበቃል።

ሌንሱ ሦስቱን ስቶፕ እንዳይበላው

አልፋ 7ን ብዙ ሰው የሚገዛው በኪቱ ከሚመጣው 28-70 ሚ.ሜ ኤፍ 3.5-5.6 ሌንስ ጋር ነው። 70 ሚ.ሜ ላይ ቀዳዳው ኤፍ 5.6 ይሆናል፣ የኪስ ካሜራው ግን እዚያ ኤፍ 4 አካባቢ ነው። ከሦስቱ ስቶፕ አንዱ ወዲያው ጠፋ። ገንዘብ ከተወሰነ በአሮጌ የካሜራ አካል ላይ ጥሩ ሌንስ ይሻላል፤ 35 ወይም 50 ሚ.ሜ ኤፍ 1.8 በገንዘብ ሲታይ ከሁሉም የተሻለውን ብርሃን ያስገኛል።

የኪሱን ዙም ርዝመት በሚረርለስ ማግኘት የሚሻ ሁለት መንገድ አለው። 24-70 እና 70-200 ኤፍ 2.8 ጂ ማስተር 2 ሌንሶችን ከአካሉ ጋር ቢይዝ 2,398 ግራም ይሆናል። ታምሮን 28-200 ሚ.ሜ ኤፍ 2.8-5.6 ቢገጥም ደግሞ ሌንሱ 575 ግራም ስለሆነ አጠቃላዩ 1,233 ግራም ነው፤ በረጅሙ ጫፍም ቢሆን የኪሱን ካሜራ ከሁለት ስቶፕ በላይ ይቀድመዋል። ለተጓዥ ሁለተኛው ያዋጣል።

ዙም የማይፈልግ፣ ግን ኪስ የሚገባ ነገር የሚፈልግ ደግሞ ሪኮ ጂ አር 3ን ይመልከት። 257 ግራም ነው፣ ሴንሰሩ 23.5 በ15.6 ሚ.ሜ፣ ሌንሱ 28 ሚ.ሜ እይታ ያለው ኤፍ 2.8። ከሚረርለሱ የሚያንሰው ከአንድ ስቶፕ ትንሽ በሚበልጥ ብቻ ነው። ዋጋው ሌላ ቦታ ይከፈላል፦ ፍላሽ የለውም፣ የዓይን ማያ የለውም፣ ባትሪው 200 ፎቶ ገደማ ብቻ ያነሳል።

የኪስ ካሜራው የሚያሸንፍባቸው

ቀትር ላይ ከጃንጥላ ሥር ያለ ፊት ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ የፍላሽ ድጋፍ ያስፈልገዋል። አልፋ 7 ፍላሽ በውስጡ የለውም፣ ውጫዊ ቢገጠምለትም በተለመደው አሠራር ሻተሩ ከ1/250 አያልፍም። የአር ኤክስ 100 ሻተር በሌንሱ ውስጥ ስለሆነ ፍላሹ እስከ 1/2000 ድረስ አብሮት ይሠራል። ከቅርብ ርቀት ኤፍ 4፣ 1/1600፣ አይ ኤስ ኦ 100 ላይ ፊቱን ለማብራት ይረዳል። ፍላሹ እምቢ ካላችሁ የሻተሩን ዓይነት እዩ፤ ኤሌክትሮኒክ ላይ ከሆነ አይበራም፣ ወደ ሜካኒካል ቀይሩት።

በፍጥነትም ትንሹ ይቀድማል። በሰከንድ 20 ፎቶ ያነሳል፣ ማያውም አይጨልምም። አልፋ 7 በሰከንድ 10 ነው፣ እሱም በተጨመቀ ሮው ወይም በጄፔግ ብቻ፤ ባልተጨመቀ ሮው ወደ 6 ይወርዳል። የሚሮጥ ልጅ በፀሐይ ለማንሳት የኪሱ ካሜራ አያሳፍርም። በተጨማሪም ድምፅ አልባ ሻተር ሲበራ የአልፋ 7 ሴንሰር ምስሉን ቀስ ብሎ ስለሚያነብ የሚወዛወዝ ጽናጽል ጠመም ብሎ ሊወጣ ይችላል። ድምፅ ካላስቸገረ ሜካኒካሉን ተጠቀሙ።

ቪዲዮ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ሁለቱም ላይ የማይክራፎን መሰኪያ አለ፣ የጆሮ ማዳመጫ ግን ሚረርለሱ ላይ ብቻ። የኪሱ ካሜራ በ4ኬ ሲቀርጽ በፋብሪካው አደረጃጀት በ5 ደቂቃ ገደማ ይቆማል፤ ሲሞቅ የሚጠፋበትን የሙቀት ደረጃ ከሜኑው ወደ ከፍተኛ መቀየር ጊዜውን ያረዝምለታል፣ አካሉ ግን ይግላል። ሙሉ ንግግር ወይም ስብከት ለመቅረጽ አትመኑበት።

ባትሪም እንዲሁ፦ ሚረርለሱ በአንድ ሙሌት 520 ገደማ፣ የኪሱ 260 ገደማ ያነሳል። መብራት በሚጠፋበት ቦታ ለኪሱ ሁለት ትርፍ ባትሪ ያዙ። ሁለቱም ከፓወር ባንክ ይሞላሉ፣ ገመዳቸው ግን ይለያያል፤ አልፋ 7 ዩ ኤስ ቢ ሲ ሲሆን አር ኤክስ 100 ማርክ 7 የድሮው ማይክሮ ዩ ኤስ ቢ ነው።

ያገለገለ ስትገዙ

በሁለቱም ላይ መጀመሪያ የሚፈተሸው አቧራ ነው። ነጭ ግድግዳ ወይም ጥርት ያለ ሰማይ ፊት ፎከሱን አደብዝዛችሁ ሚረርለሱን ኤፍ 16፣ የኪሱን ኤፍ 11 ላይ አንሱ። ጥቁር ነጥቦች ሚረርለሱ ላይ ከታዩ አትደንግጡ፤ በእጅ የሚነፋ ላስቲክ፣ ካልበቃም የ24 ሚ.ሜ ማጽጃ ስፖንጅና ፈሳሽ ያነሳዋል። በአፋችሁ ግን አትንፉ፣ ምራቅ ከአቧራ ይብሳል። የኪሱ ካሜራ ሴንሰር ላይ ያለ ነጥብ ሌላ ነገር ነው፤ ለማጽዳት ሌንሱ ሙሉ በሙሉ መፈታት አለበት፣ የጥገናው ዋጋም ካሜራውን ሊስተካከል ይችላል። ነጥብ ካያችሁ ዋጋ አትከራከሩ፣ ትታችሁ ሂዱ።

ቀጥሎ የኪሱን ሌንስ አሥር ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዙም አድርጉት፣ አጥፍታችሁ አብሩት። የመፈጨት ድምፅ፣ መሃል ላይ መቆም፣ ወይም ሲወጣ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል ካለ የወደቀ ካሜራ ነው። የዓይን ማያውንም ገፋ አድርጋችሁ አውጡት፤ የቀትር ፀሐይ ላይ የኋላው ስክሪን ስለማይታይ ያለሱ መሥራት ይከብዳል። ሚረርለሱ ላይ ሁለቱንም የካርድ ማስገቢያ በየተራ ፎቶ እያነሳችሁ ሞክሩ፣ ሌንሱን አውጥታችሁም የመገጣጠሚያውን የወርቅ ቀለም ነጥቦች ተመልከቱ፤ የደበዘዘ ወይም የጎበጠ ካለ ፎከሱ አንዳንዴ ይሠራል አንዳንዴ ይከዳል።

ከጃፓን የመጣ የሶኒ ካሜራ ከሆነ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት የቋንቋውን ሜኑ ክፈቱ። ለጃፓን ገበያ የተሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ከጃፓንኛ በቀር ሌላ ቋንቋ የላቸውም፣ ይህንንም በሜኑ ውስጥ መቀየር አይቻልም።